ውሃውን ማን ቀዳው? ስለ ጎንደር ልጅነታችን ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ስድስት ሰው ልኮልኛል። ከስድስቱ አራቱ «አንብቢው፣ ያስለቅሳል» ብለው ጨምረውበታል። የጸሐፊው ስም የለበትም። ጎንደር ላይ በ1950ዎቹ ያደገ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድማችን መሆኑ ግን ያስታውቃል።

እውነቱን ለመናገር አልቅሻለሁ። የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ፣ ድምፁ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሲመላለስ የጻፈው ቦታ ላይ እንባዬ መጣ። ከዚያ ለታላቅ እህቴ ደውዬ አነበብኩላት። እታለም ሰማንያን ተጠግታለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ምንም አያመልጠውም። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች። «ከትምህርት ቤት ሮጠን ስንገባ ከበሩ ጥግ ያለው እንስራ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ ውሃው ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ቆይ ቆይ፤ ማን ሞላው?»

ይህን ምላሽ የምጽፈው በእሷ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ወንድማችን ያለውን በትክክል ላስቀምጥ፤ ያላለውን ይዤ እንዳልሟገተው። ያኔ ልጅ የመንደሩ ሁሉ ልጅ ነበር ይላል። ማንኛዋም እናት ታበላዋለች፣ ማንኛውም ትልቅ ሰው ይቀጣዋል፤ ስለዚህ ልጆች ጨዋ ነበሩ። ምግቡ ንጹሕ ስለነበር በሽታ አይታወቅም። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ቤተ እስራኤሉ ሳይለያይ በፍቅር ይኖር ነበር። ኑሮ ርካሽ ነበር፤ በግ በ5 ብር ይገዛል። ትምህርቱም ትምህርት ነበር፤ የዚያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ያለቀ የዛሬውን ባለ ዲግሪ ያስከነዳል። ልጆች ሜዳ ላይ ይውሉ ነበር እንጂ ስልክ ላይ አልተደፉም። «ዛሬ ሁሉ አለን፤ ያጣነው ግን ይበልጣል» ብሎ ይጨርሳል።

በሽታው ላይ ልጀምር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁና «በሽታ አይታወቅም ነበር» የሚለውን ሰምቼ ዝም ብል እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ ምግቡ ንጽሕና ግማሹን እቀበላለሁ። በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚቀላቅል ነጋዴ በልጅነቴ አልሰማሁም። ይህ የዛሬ ጉድ ነው። ግን ወንድሜ ኮሶን እንዴት ረሳው? ያ ንጹሕ ሥጋ በጥሬው ሲበላ ሆድ ውስጥ የኮሶ ትል ያፈራ ነበር። ትልልቆቹ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣሉ። ያን ቀን ሥራ የለም፣ እንግዳ የለም። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ነገ ልምጣ ብሎ ይመለሳል። አባቴ ኮሶ በሚጠጣበት ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እኛም በእግራችን ጣት እየሄድን እንውላለን። «እንደ ኮሶ መረረኝ» የምንለው እኮ ዝም ብሎ የመጣ አባባል አይደለም።

ኮሶው የሚያስቀው ክፍል ነው። ወባው አያስቅም። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ፋሲል ግቢን ለመጎብኘት እንዲመች አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር። ከጎንደር ደምቢያ ስንት መንገድ ነው? የደምቢያዋ የቆላ ድባ ሰው እህል ጭኖ መጥቶ፣ ሸጦ ይመለሳል። በ1951 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደግሞ ወባው በሀገሪቱ ተነሣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። «ወባ የቆላ ነው» እያልን የምንኮራውን ደገኞችንም አልማረን። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከአዘዞ በኩል ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማ ሲያወጡ ከመንገድ ዳር ቆሜ አይቻለሁ።

ፈንጣጣስ? በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ወንድማችን የክፍል ጓደኞቹን ፊት ቢያስታውስ ጠባሳ ያለበት አያጣም። ቅማሉ ተስቦና ግርሻ ያመጣ ነበር። ሕፃን ሲያስለው እንጥሉ ይቆረጣል፤ ሲያስቀምጠው ግግ ነው ተብሎ ድዱ ይቦረቦራል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጃቸው እንዲድን የፈለጉ እናቶች ናቸው።

እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አምስት አሳደገች። በሠፈራችን ይህ እንደ ዕድለኛ ያስቆጥር ነበር። የሞቱትን አራቱን ምን ገደላቸው ብላችሁ ብትጠይቋት «አንዱን ምች፣ አንዷን ዓይነ ጥላ፣ ሁለቱን እግዜር ያውቃል» ትላለች። ስለዚህ በሽታ አይታወቅም ነበር የሚለው በአንድ መንገድ እውነት ነው፤ ስሙን አናውቀውም ነበር። ቁጥር ካስፈለገ፣ ብዙ ቆይቶ በ1983 ዓ.ም. ገደማ እንኳ በኢትዮጵያ ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011ዱ ሀገር አቀፍ ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። የእኛ ልጅነት ከ1983ቱም የከፋ ነው። «ያኔ ሁላችንም ጤነኞች ነበርን» የሚለው ሰው የሚያየው የተረፈውን ነው። ያልተረፈው ጽሑፍ አይጽፍም።

ወደ መንደሩ ልምጣ። እዚህ ወንድማችን የጻፈው አብዛኛው እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳጥሮታል። ማለዳ እሳት ከጠፋ ልጅ ገል ይዞ ጎረቤት ይላካል፤ ፍም ይጭራል። ቡና ከተፈላ የሦስት ቤት ልጅ ይጠራል። ከቤቴ በር ቆልፌ መውጣት የጀመርኩት በስተርጅና ነው። ይህን ማጣታችን እኔንም ይቆጨኛል።

ግን «ማንም ይቀጣል» የሚለውን ቆም ብለን እንየው። ማንም ማንን ይቀጣል? የቀን ሠራተኛ ልጅ ስለነበርኩ ማንም ኮርኩሞኛል። የባላባቱን ልጅ የኮረኮመ ጎረቤት ግን አላየሁም። እሱ ድንጋይ ወርውሮ የሰው ገንቦ ቢሰብር «ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በትንሹ ጥፋት በርበሬ ታጥኛለሁ። አንድ አስተማሪ ደግሞ፣ ስሙም ትምህርት ቤቱም ይቅር፣ ለአንድ የተሳሳተ ሒሳብ እርሳስ በጣቶቼ መካከል አስገብቶ ጨመቃቸው። ዛሬም ብርድ ሲሆን ጣቴ ያስታውሰኛል። ሒሳቡ የቱ እንደነበር ግን ረስቼዋለሁ።

ደግሞ ቅጣቱ ጨዋ ያደርግ ከነበረ ውጤቱን እንጠይቅ። ያ በመንደሩ ሁሉ ተቀጥቶ ያደገ ትውልድ የእኛው ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ እኛ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበርን። የዚያን ጊዜ በጎንደር ጎዳናዎች ማን ማንን ምን እንዳደረገ ከተማዋ አልረሳችም። እኔም አልዘረዝረውም፤ ሆድ ይፍጀው። እንዲያውም አንዳንዴ የ1950ዎቹ እንዲህ የሚጣፍጡን ቀጥሎ የመጣው እጅግ ስለመረረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ። «ማንም ማንን አይለይም ነበር»። ወንድሜ፣ ኧረ ተው።

አዲስ አለም የሚባለው የጎንደር ሠፈር እኮ ሙስሊሞች ተለይተው የሰፈሩበት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይቀመጥ ተብሎ ተወስኗል። በእኛ ጊዜ ያ አዋጅ ያረጀ ቢሆንም ሠፈሩ እንደ ሠፈር ቀጥሏል። እርግጥ ነው፣ እንዋደድ ነበር። እናቴ ጥጥ ፈትላ ሸማውን የሚሠሩላት የአዲስ አለም ሸማኔ ነበሩ። ለፋሲካ ይመጣሉ፣ ለእሳቸው ተብሎ የጾም ወጥ በአዲስ ድስት ይሠራል። ለኢድ እኛም እንሄዳለን። ይህን ፍቅር ከልቤ እመሰክራለሁ። ግን የእስልምና በዓላት የሀገር በዓል ሆነው የታወቁት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በኢድ ቀን የሸማኔው ልጅ ከእኛ ጋር ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ካልመጣ ቀሪ ነው። እኛ በገና ቀን ማን ቀሪ ብሎን ያውቃል? ወንድማችን ይህን ያላስታወሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ከእሱ ወንበር ስለማይታይ ነው።

ወለቃ ደግሞ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ቅርብ ናት፤ በእግር የሚደረስባት። ቤተ እስራኤሎች ነበሩባት። ሴቶቹ ምጣድ፣ ጀበና፣ ድስት ይሠራሉ። ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ። የእናቴ እንስራ ከእነሱ የተገዛ ነው፤ ያ ውሃው ጥርስ የሚያነቃንቀው የወንድማችን እንስራም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም። የከተማችን ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰንበታቸው ነው። ስለዚህ በሌላ ቀን ሸክላቸውን ተሸክመው በየደጁ ሲመጡ እንገዛለን። ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ መሬት ላይ ወይም ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። በእነሱም በኩል «አትንኩኝ» የሚል የንጽሕና ሥርዓት ነበራቸው፤ ይህን አልሸሽግም። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሴትዮዋ ገና ከሩቅ ስትታይ እናቶች ሕፃን ይሸፍናሉ። «ቡዳ ናት፣ ዓይኗን አትዪ» ይባላል። የበላንበትን ምጣድ የሠራችውን ሴት ትበላናለች ብለን እንሸሻት ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ሳታይ ከአንዷ ጋር ተጫወትኩ። እኩያዬ የምትሆን ልጅ አስከትላለች። ልጅቷ ከሸክላ የተሠራች ትንሽ ዶሮ ሰጠችኝ። እናቴ አይታ ወደ ገደል ወረወረችብኝ። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. እነዚያ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ስለዚያች ልጅ አሰብኩ። ዛሬ ቱሪስት ወለቃ ይሄድና የሸክላ ዶሮ ገዝቶ ይመለሳል። ፍቅር ነበር ላለው ወንድሜ፣ አዎ ነበር፤ እኛ ለወደድነው ሰው።

ስለ ርካሽነቱ ብዙ አልከራከርም፤ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። አባቴ በመንገድ ሥራ በቀን አንድ ብር ያገኝ ነበር። በጉ 5 ብር ከነበረ የአምስት ቀን ሥራ ነው። ዛሬ የቀን ሠራተኛ በአምስት ቀን የበግ ቆዳም አይገዛ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። አባቴ ሥራ የሚያገኘው ዓመቱን ሙሉ አልነበረም፤ ስሙኒም በቤታችን እንግዳ ነበረች። በግ የምናየው በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ነው። ጫማ ያደረግሁት ስድስተኛ ክፍል ስገባ ነው። በርካሽ ገበያ መካከል ባዶ እጅን ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል ወንድማችን የደረሰበት አይመስልም።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ የዚያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ጠንካራ ነበር የሚለው ትክክል ነው። ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሒሳብ ይይዛል፣ ተቀጥሮ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ግን እስከዚያ የደረሰው ስንቱ ነው? በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር። ከመቶ ዘጠናውን ከበር አስቀርቶ የገቡትን ጎበዞች ብሎ መጥራት ማንን ያቅታል? ወንድማችን ክፍሉን ሲያስታውስ ጎበዞቹን ያስታውሳል። እኔ ክፍሌን ሳስታውስ በየዓመቱ መስከረም የማይመለሱትን ሴቶች ልጆች አስታውሳለሁ። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፤ ስድስተኛን የጨረስነው ሦስት ነን።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያን ዘመን ማንም በበጎ እንዳያነሣው የሚያደርግ ብዙ ምክንያት አለኝ። ግን እናቴ ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ፣ ኩራዝ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከልጇ የመጣውን ደብዳቤ በጣቷ እየተከተለች ያነበበችው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ሲመጣ ለጎረቤት ተማሪ ልጅ ነበር የምታስነብበው። ምሥጢሯን ሁሉ ያ ልጅ ያውቀው ነበር።

ጨዋታው ላይ ደግሞ በደስታ እስማማለሁ። የልጅ ልጆቼ ስልክ ላይ ተደፍተው ሳይ እኔም ይጨንቀኛል። ገና በመጣ ቁጥር ወንዶቹ ሩሩን ይዘው ሜዳ ሲያቀልጡት፣ ገበጣው፣ ድብብቆሹ፣ በጥምቀት ከፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ እየዘለሉ ውሃው ውስጥ መግባቱ፤ ወንድማችን እንዳለው ነው። ያልጻፈው ግንቡ ሥር ሆነን ልብሳቸውን የምንጠብቀው እኛ እንደነበርን ነው።

ሴቶችም ተጫውተናል። ቅልብልቦሽ በጠጠር፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ በዘመን መለወጫ አበባየሆሽ። ግን አስተውላችሁ ከሆነ፣ ከምንጫወተው ግማሾቻችን ጀርባ ላይ አንቀልባ ነበረ። አንቀልባው ውስጥ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አለ። ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውረሽ ጎንበስ ስትዪ የሕፃኑ ራስ ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ ሳይጎነበሱ መቅለብ ተምረን ነበር። እስካሁን ወገቤን ቀጥ አድርጌ ከመሬት ዕቃ ማንሣት እችላለሁ፤ ሐኪሞቹ ይገርማቸዋል።

እንግዲህ እንስራው። እታለም አራተኛ ክፍል እንደጨረሰች ከትምህርት ቤት ቀረች። ሥራዋ ውሃ፣ እንጨትና ወፍጮ ነበር። ወፍጮ ስል የሚጮኸውን የሞተር ወፍጮ አይደለም፤ ድንጋዩን ነው። ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ መጁን ይዛ ተንበርክካ ትፈጫለች፤ እኔ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ወንድማችን «የልጅነቴ ዜማ» ብሎ የጻፈው የወፍጮ ድምፅ ይኸው ነው። ለእኔም ዜማ ነበር፤ ዋሸ አልለውም። በ1951 ዓ.ም. እታለም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ወገራ ተዳረች። በዓመቱ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ 15 ሳይሞላት አትዳር አለ። ሕጉ ሊማሊሞን ያህል አቀበት የሚወጣ ይመስል ወገራ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት።

እሷ ስትሄድ እንስራው ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ በትንሽ ገንቦ ጀመርኩ፤ በአሥር ዓመቴ ሙሉውን ተሸከምኩ። ከምንጩ ወደ ቤት አቀበት ነው። ገመዱ ደረት ላይ ያርፋል፤ ጡት ሳይወጣ ምልክቱ ይወጣል። ወንዶች ወንድሞቼ አንድም ቀን አልቀዱም። ክፉዎች ስለሆኑ አልነበረም፤ ወንድ ውሃ ከቀዳ መሳቂያ ነው።

እታለም ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ሰውየው ቀሃ ወንዝ እንዋኝ ነበር ብሏል አይደል?» አዎ ብሏል፤ ሦስት አንቀጽ ጽፎበታል፤ ጥሩ አድርጎም ጽፎታል። ከትምህርት በኋላ፣ በበጋ ፀሐይ፣ ልብስ አውልቆ ጠልቆ መግባት።

«በበጋ ምንጩ ሲደርቅ እኮ የምንቀዳው ከቀሃ ነበር» አለች። «እነሱ ከላይ ይዋኛሉ፣ እኛ ከታች እንቀዳለን። ወደ ታች ውረዱ ብለን ስንጮህ ይስቁብን ነበር። በይ ጻፊለት። አሁንም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ በይው።»